በረዶ ተሸክሞ ወደ ሃርቢን

ሺያ ባክሴንግ ሁለት የብረት ዘንጎች በሁለት እጁ ይዞ፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀውን የበሬ ሥጋ በእንጨት ጉማጅ ላይ ሲወቅጥ፣ የሻንቶው አሮጌ ሠፈር ሰው መንጋቱን ያውቅ ነበር። ግራ፣ ቀኝ፤ ግራ፣ ቀኝ። ሥጋው ሊጥ እስኪመስል ይወቀጣል፤ ከዚያም በጭብጥ ተጨምቆ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ብቅ ሲል፣ በማንኪያ እየተቆረጠ ለብ ወዳለ ውሃ ይጣላል። በወጉ የተወቀጠ ድብልብል ሥጋ መሬት ላይ ቢወድቅ ይነጥራል ይባላል። ሺያ ግን ይህን ፈትኖት አያውቅም። ስድሳን የተሻገረ ሰው ቢሆንም ከመፈተን ይልቅ መጠራጠር ይቀናው ነበር፤ የታዘዘውን አድርጎ ሲያበቃ እንኳ «በእርግጥ እንዲህ ነበር ወይ የተባልሁት?» እያለ ራሱን ይጠይቃል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው አንዲት ልጁ ናት፤ ሱኬንግ። ትምህርት ብላ ወደ ሰሜን ሄደች፤ ሥራ ብላ እዚያው ቀረች፤ በመጨረሻም አንድ ቀን ፊቷን በስልኩ መስኮት ላይ ብቅ አድርጋ፣ ጸጉሯን ከግንባሯ እየመለሰች፣ «አባ፣ አንድ ሰው አለ» አለችው። ሰውየው ቶንግ ዪሚንግ የሚባል የሃርቢን ልጅ ነበር። በሻንቶውና በሃርቢን መካከል ያለውን ርቀት ሺያ የሚለካው በልብስ ነው፤ እሱ በደቡቡ ባሕር ዳር በነጠላ ሸሚዝ ሆኖ ሲወቅጥ፣ ልጁ በስልኩ ውስጥ እስከ ዐይኗ ተጠቅልላ ትታየዋለች።

ከሠርጉ በፊት የሁለቱ ወገን ወላጆች በአንድ ገበታ መተያየት ነበረባቸው። በወጉ ወደ ሴቷ ቤት የሚመጣው የወንዱ ወገን ነው፤ የዪሚንግ አባት ሽማግሌው ቶንግም ይህንኑ ሊፈጽም ደወለ። ቶንግ የከተማውን ቤቶች ከሚያሞቀው ትልቅ ቦይለር ሥር ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበርና፣ ድምፁ አሁንም ከእሳቱ ጩኸት ጋር የሚታገል ይመስላል።

«አማቼ! እኛ ወደ እርስዎ እንመጣለን፤ ወጉም እሱ ነው!»

«አይ፣ አይ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ አይድከሙ» አለ ሺያ፣ ከሻንቶው ልሳን ሌላ፣ አገር ሁሉ ከሚግባባበት የጋራ ቋንቋ የሚያውቃትን ጥቂት እየለቃቀመ።

«እውነት? ባንመጣ ቅር አይልዎትም?»

«በጭራሽ፣ አይምጡ።»

«እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው! በሉ እንግዲያውስ እርስዎ ይምጡ፤ ቤታችን ቤትዎ ነው!» አለና ዘጋው።

ሺያ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ቆሞ ቀረ። በሻንቶው ሰው ዘንድ የመጀመሪያው ግብዣ ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ትሕትና ነው፤ ግብዣ የሚባለው ሦስተኛው ነው። ሁለት ጊዜ «አይሆንም» ሳይል «እሺ» ያለ ሰው ወይ የተራበ ነው፣ ወይ አሳዳጊ የበደለው ነው። ጋባዥም ይህን ስለሚያውቅ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ እጅ ይይዛል፣ ይቆጣል፣ ይለምናል። ሽማግሌው ቶንግ ግን ሦስተኛውን ሳይጨምር ዘጋ። «መሥመሩ ተቋርጦ ይሆናል» አለ ሺያ ለራሱ፤ ጥፋቱን በስልኩ ላይ ጣለና ለመንገድ መሰናዳት ጀመረ።

መንገዱ ብቻውን ባላስጨነቀው ነበር። ያስጨነቀው እዚያ ደርሶ የሚናገረው አንድ ነገር ስለነበረው ነው።

ያገባች ሴት ልጅ በአዲስ ዓመት ማግስት፣ ባሏን አስከትላ፣ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። በዚያ ቀን በሺያ ሠፈር ከየበሩ ሳቅ ይሰማል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያው ከእሳት አይወርድም። በሩ ያልተንኳኳ ሰው ግን በዚያ ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ ቢወጣ «ልጅህ መጣች?» ይባላላ። ጎረቤቱ የጨው ጎመን ነጋዴ ከወዲሁ ጀምሮታል፦ «የተዳረች ልጅ የፈሰሰ ውሃ ናት፤ የአንተዋ ደግሞ መሬት ሳትነካ በረዶ ትሆናለች!» ሺያ ብዙ አልተመኘም። በየዓመቱ ትምጣልኝ አላለም። የያዘው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ለአዲስ ዓመት ማግስት፣ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ፣ ልጄን ወደ ቤቷ ላኩልኝ።»

ይህን በጋራው ቋንቋ አጥርቶ እንዲናገር የሚያስተምረው ሰው ፍለጋ ወደ መምህርት ሊያኦ ሄደ። መምህርት ሊያኦ ዕድሜዋን ሙሉ የሠፈሩን ሕፃናት የጋራውን ቋንቋ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሰውን ሁሉ እንደ ተማሪ የምትቆጣ ሴት ናት። ሺያ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። ማንበብስ ያነባል፤ ቴሌቪዥኑ የሚለውንም አብዛኛውን ይረዳል። እንቢ ያለው አፉ ነው።

«ለምን ልጅህ አትነግርልህም? ሁለቱንም ትችል የለ» አለችው በመጀመሪያው ቀን።

«በገዛ አፏ ከለመነችማ፣ ገና ደጃፉን ሳትረግጥ አንገቷን ደፍታ ገባች ማለት ነው። ደግሞም አልነገርኳትም። ብነግራት ታለቅሳለች።»

«ታዲያ ጽፈህ ስጣቸው።»

«የተጻፈ ነገር ውል ይመስላል፣ መምህርት። አባት ከአማቹ ጋር ውል ይፈራረማል?»

«እሺ፣ አፍህን ክፈት!» አለች፤ ከፈተ፤ ተናገረ። መምህርት ሊያኦ ዐይኗን ጨፈነች። «ምነው? ምላስህ ሥጋ ነው አሉህ እንዴ? አትውቀጠው እንጂ!»

ወዲያው ግን አንድ ነገር መጣላት። «ቆይ፤ እንዲያውም ወቅጠው። በሥራህ ላይ ሆነህ በግራው ዘንግ አንድ ቃል፣ በቀኙ አንድ ቃል እያልህ ተለማመድ።»

ከዚያ ወዲህ ሺያ ሲነጋጋ ይወቅጥና ይናገር ጀመር። ጎረቤቶቹ የሚሰሙት ያንኑ የብረት ድምፅ ነበር፤ ከሥሩ ግን አንድ ሽማግሌ በማያውቀው ልሳን ልጁን ይለምን ነበር። በገዛ ልሳኑ አንድም ቀን ብሎት አያውቅም። በገዛ ልሳኑ የሚለምነው ሰው አልነበረውማ።

መምህርት ሊያኦ ስትሸኘው ሌላ ምክር ጨመረችለት። «በአውሮፕላን ከሄድህ ቋንቋህም እንደ ሻንጣህ ተቆልፎ ይደርሳል። በባቡር ሂድ፤ በየከተማው ውረድ፤ በየከተማው አንድ ሰው አናግር። ሃርቢን ስትደርስ አፍህ ይፈታል።»

እሺ ብሎ ተነሣ። ለአማቾቹ በገዛ እጁ የወቀጠውን ድብልብል ሥጋ ይዞላቸው ነበር፤ በነጭ የዓሣ ሣጥን ውስጥ፣ በበረዶ ተከብቦ። በረዶው ይቀልጣል። ስለዚህ በየከተማው ወርዶ የሚናገረው ነገር ራሱ መጣለት፤ በየከተማው በረዶ መለመን ነበረበት።

ጓንግዡ ላይ ወርዶ የዓሣ ገበያ ገባ። በባቡሩ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ሲለማመደው የመጣውን ጥያቄ አንድ ጎማ ጫማ ላደረገ ዓሣ ሻጭ አቀረበለት፦ «እባክዎ፣ ትንሽ በረዶ ይኖርዎታል?» ዓሣ ሻጩ በጓንግዡ ሰው ልሳን፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ረዥም ነገር መለሰለት። ሺያ አንድም ቃል አልያዘም። የጋራ ቋንቋ ብሎ የተማረው ነገር በመጀመሪያው ከተማ የጋራ ሳይሆን ቀረ። እንደገና ጠየቀ፤ እንደገና ያው ረዥም ነገር መጣ። በመጨረሻ ዓሣ ሻጩ የሣጥኑን ክዳን ራሱ ከፈተና አየ፤ ሳቀ፤ በአካፋ ሙሉ በረዶ ገለበጠበት። ሺያ ደጋግሞ እጅ ነሣ። ወደ ባቡሩ ሲመለስ ግን ደስ አላለውም። «የተናገረው ሣጥኑ ነው፤ እኔ አይደለሁም» ብሎ አሰበ።

ዉሃን ላይ ሰማዩ እንደ ረጠበ ጨርቅ ነበር። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ኑድል በሰሊጥ ለውሳ የምትሸጥ፣ ትከሻዋ ሰፊ የሆነ ሴት ቤት ገብቶ ተቀመጠ። በልቶ ሲያበቃ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እባክሽ፣ በረዶ… ትንሽ በረዶ ይኖርሻል?»

«ምን? በዚህ ብርድ? ምነው ጋሼ፣ ራስዎን ሊገድሉብኝ ነው?» ብላ አንድ ኩባያ የሚያጤስ ውሃ አምጥታ ፊቱ አኖረች። «ሙቅ ውሃ ይጠጡ።»

«አይ፣ ሙቅ አይደለም። በረዶ።»

«ይጠጡ እንጂ! ከንፈርዎ ጠቁሯል።»

«አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም፤ ለሥጋው ነው…»

«ሰውየው ሳይሞቅ ሥጋው ምን ይሆናል! በሉ!» ኩባያውን አንሥታ እጁ ላይ አስጨበጠችው። ይህ ሦስተኛው ግብዣ ነበር። ሺያ ልቡ ሞቀ፤ ይህች ሴት ወግ ታውቃለች አለና ጠጣ። ጠጥቶ ሲጨርስ ሣጥኑን ከፍቶ አሳያት። ሴትዮዋ ጭኗን መታች። «እንዲህ አይሉኝም! እዚህ በክረምት በረዶ የሚሸጥ የለም። ጎን ካለው ሱቅ አይስክሬም ይግዙና በዙሪያው ይደርድሩበት፤ ያው አይደለም?»

በቀይ ባቄላ የተሠሩ፣ በእንጨት ላይ የተሰኩ አይስክሬሞች ገዝቶ ሲመለስ ድፍረት መጣበት፤ ዓረፍተ ነገሩን ለእሷ ሞከረው። ቃል በቃል፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እስከ መጨረሻው። ሴትዮዋ ማንኪያዋን አስቀምጣ አዳመጠች።

«ኧረ ጎበዝ! እንዴት ያምራል አነጋገርዎ!» አለች። ቀጥላም፣ «ብቻ ‹ላኩልኝ› ሲሉ ግንባርዎን አይቋጥሩ። በሬ የጠፋበት ሰው ይመስላሉ። ፈገግ ይበሉ!»

ሺያ ከወቀሳው ይልቅ ምስጋናውን ፈራው። አጥርቶ የሚናገርን ሰው ማን ያመሰግናል? «ጎበዝ፣ ተራመድህ» የሚባለው ሕፃንና በሽተኛ ነው። ያም ሆኖ በባቡሩ መስኮት ላይ ፊቱን እያየ ፈገግታውን ተለማመደ። ውጭው ሲጨልም ፊቱ ጎልቶ ታየው፤ ፈገግታው ልቅሶ ሊጀምር ያለ ሰው ይመስል ነበር።

ሼንያንግ ላይ ባቡር መለወጥ ነበረበት። በጣቢያው አዳራሽ የድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ተናገረ፤ ሰው ሁሉ እንደ ዓሣ መንጋ ባንድ ጊዜ ዞረና ወደ ሌላ ወገን ጎረፈ። ሺያ አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ወጣት ጠጋ አለ።

«እባክሽ ልጄ፣ ሃርቢን…»

ወጣቷ መለሰች። ቃሎቿ እንደ ፈረስ ግልቢያ አለፉ።

«ቀስ… ቀስ ብለሽ።»

ደገመችለት፤ ቀስ ብላ ግን አይደለም፣ ጮኽ ብላ ነው። ከኋላው ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ሺያ ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ እንዳለበት እያወቀ፣ ፊቱ ጋለ፤ እንደ ገባው ሰው ራሱን ነቀነቀና አመስግኖ ሄደ። የሄደው ወደ ተሳሳተው መድረክ ነበር። የሃርቢኑ ባቡር በማዶው ሐዲድ ላይ በቀስታ ሲንቀሳቀስ፣ ሣጥኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሞ አየው።

ትኬቱን ለማስለወጥ ሲሰለፍ፣ ሲመለስ፣ እንደገና ሲሰለፍ ዋለ። የሚቀጥለውን ባቡር በአግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠው ባለ ጠጉር ባርኔጣ ሰው ሣጥኑን በአገጩ ጠቆመ።

«ምንድን ነው እሱ፣ ጋሼ?»

ሺያ ድብልብል ሥጋን በጋራው ቋንቋ ለመጥራት ቃሉን ፈለገ፤ ጠፋበት። አፉ ላይ በደንብ የታሸው አንድ ቃል ነበር። «በረዶ» አለ።

«ወዴት ይወስዱታል?»

«ወደ ሃርቢን።»

አግዳሚው በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። «ሰማችሁ? ሰውየው ወደ ሃርቢን በረዶ ተሸክሞ ይሄዳል!» «እኛስ እስቲ ወደ ባሕሩ ጨው እንላክ!» «ተዉት፣ የደቡብ ሰው ነው፣ ምን ያውቃል!» ሺያም አብሯቸው ሳቀ። ምን እንዳሳቃቸው ግማሹ ብቻ ገብቶታል። ይሁንና ቃሉን አጥርቶ ባይናገር ኖሮ አይስቁም ነበር ብሎ በልቡ ተጽናና።

ሃርቢን ጣቢያ ላይ ሱኬንግ እየሮጠች መጣች። ያቀፈችው በወፍራም ካፖርት ውስጥ ሆና ነውና ሺያ የያዘው ልጁን ይሁን ብርድ ልብስ አልለየም። «አባ! ለምን በአውሮፕላን አልመጣህም? እብድ!» አለችው በገዛ ልሳናቸው፤ ያ ልሳን በዚያ ብርድ መካከል እንደ ፍም ሆኖ ተሰማው። ቀጥሎ ግን ከታክሲው ሹፌር ጋር በሰሜኖቹ አነጋገር፣ በሰሜኖቹ ድምፅ፣ በሰሜኖቹ ሳቅ ስትነጋገር አዳመጣት። ጮኽ ብላ ነበር የምትናገረው። ድሮ ቀስ ብላ ነበር።

ሽማግሌው ቶንግና ሚስቱ ጉዋን በራቸውን ከፍተው ደረጃው ላይ ወጥተው ነበር የጠበቁት። ጉዋን እጁን ይዛ እየጎተተች አስገባችው። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ! የመጣ እንግዳ ኑድል ይበላል፤ እግሩን እንዲያስርልን። የሚሄድ ነው በሊጥ የተጠቀለለ የሚበላው!» አለችና ጎድጓዳ ሳህን አቀረበች። ኑድሉ ረዥም ነበር። ሺያ ጥሩ ምልክት ነው አለ።

ከዚያ ሣጥኑ ተከፈተ። በቀይ የባቄላ ጭማቂ የተነከረ ሥጋ፣ በላዩም የተንሳፈፉ የአይስክሬም እንጨቶች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? አይስክሬም ነው እንዴ ያመጡልን?» ጉዋን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሱኬንግ ቀላች፤ ዪሚንግ አጎንብሶ ሳቁን ዋጠ። «በሉ ኑ፣ የእኛን ማቀዝቀዣ ላሳይዎት!» ብላ ጉዋን የሰገነቱን በር ከፈተች። በሰገነቱ ላይ የደረቀ ጎመን፣ እንደ ድንጋይ የረጋ ሥጋ፣ በብርዱ ረግተው እንደ ከሰል የጠቆሩ፣ ፒር የሚባሉ ፍሬዎች ተደርድረዋል። ሥጋውን አጥባ በመካከላቸው አኖረችው። «ይኸው! መብራቱን የሚሰጠው ሰማይ ነው፤ ተቋርጦም አያውቅ!»

ሺያ ከበሩ ሆኖ ተመለከተ። በየከተማው አንገቱን ሰብሮ ሲለምነው የመጣው ነገር እዚህ ሳይለመን ከየጣራው ተንጠልጥሏል።

ማታ ገበታው ሞላ። ቶንግ በመጀመሪያዋ ብርጭቆ «እርስዎ»ን ጥሎ «አንተ» ብሎት ነበር፤ በሁለተኛዋ ክንዱን በሺያ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ከበላተኛው የበለጠውን ወጥ እስኪጠግቡ ከበሉ በኋላ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ፊቱም ቁም ነገር ያዘ።

«አሁን ስማኝ አማቼ። አንዲት ልጅ ነው ያለችህ፤ እሷን ሰጠኸን። እኔም አባት ነኝ። ከእኛ የምትፈልገው፣ በልብህ ያለ ነገር ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ዛሬ ተናገር።»

ይህ ነበር በሩ። ሺያ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ጣቶቹ ጉልበቱን መምታት ሲጀምሩ ተሰማው፤ ግራ፣ ቀኝ። ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ፣ አንድም ቃል ሳይጎድል፣ ምላሱ ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ግን ሰው በመጀመሪያ ጥያቄ የልቡን ዘርግቶ ገበታ ላይ እንዴት ያፈሳል?

«የለም» አለ። «ምንም የለም።»

«እውነትህን ነው? አትፈር እንጂ! እኛ ሰሜኖች ነገር መጠቅለል አናውቅም።»

ሁለተኛው ይኸው መጣ። ሺያ የዉሃኗ ሴት እንዳስተማረችው ፈገግ አለ። «ኧረ ምንም የለም። ምን ይኖራል!» አለና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፤ ለሦስተኛው።

ቶንግ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ።

«አያችሁ? ሰው ማለት እንዲህ ነው! ልጁን ሰጥቶ ምንም አልፈልግም የሚል! ዪሚንግ፣ ለአማትህ ቅዳለት!»

የተሳበው ትንፋሽ መውጫ አጣ። ጉዋን ሺያ ያልተናገረው ጭንቀት እንዳለበት ገብቷት ኖሯል፤ ልታጽናናው ጎንበስ አለች። «ስለ ልጅቷ ደግሞ አትስጉ። በዓል በመጣ ቁጥር እዚሁ ከእኛ ጋር ናት። አንድም አዲስ ዓመት ብቻዋን አናውላትም፤ ቃሌ ነው!»

ሱኬንግ ዐይኗ እንባ ሞላ። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ በገዛ ልሳናቸው፣ «ሰማህ አባ? እንዴት እንደሚወዱኝ?» አለችው።

«ሰማሁ» አለ።

በስንብቱ ቀን በሊጥ የተጠቀለለው ሥጋ ቀረበ። ሺያ ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ ነበር። ሰሜኖቹ ክፉ አይደሉም፤ ቢጠይቃቸው እንደሚሰሙት ያውቃል። ይህንን ማወቁ ነገሩን አባሰበት እንጂ አላቀለለትም። «ምንም የለም» ብሎ የመሰከረ አፍ፣ በማግስቱ «አለ» ሊል ነው? ያም ሆኖ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ጀመረ፦

«እኔ… ለአዲስ ዓመት…»

«እሱንማ!» አለ ቶንግ አፉ ሞልቶ። «ጉዋን፣ ንገሪው እንጂ!»

«ለአዲስ ዓመት እኛ ጋ ይምጡ! ብቻዎን እዚያ ምን ይሠራሉ?» አለች ጉዋን።

የሚስቱን ምስል አሰበ፤ በበዓሉ ቀን ፊት ለፊቷ ዕጣን የሚለኩስላት ከእሱ በቀር ሌላ ሰው የለም። ይህንን የሚናገርበት ቃል ግን አልተማረም። «አይ» አለ፣ «አስቸግራለሁ።»

«ደስ እንዳለዎት፤ መንገዱም ሩቅ ነው» አለችና ሳህኑን እንደገና ሞላችው። ሁለተኛውን እንኳ አልጨመረችም።

ነጩን ሣጥን በረጉት ጥቁር ፒሮች ሞልታ አስያዘችው። ሱኬንግ ብቻዋን ወደ ጣቢያ ሸኘችው። መግቢያው ላይ ቆሙ፤ ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆለፈችለት፤ ከዚያም እጁን አየችው። እጁ ሳያውቀው የሣጥኑን ክዳን ይመታ ነበር።

«አባ፣ ልትለኝ የፈለግኸው ነገር አለ?»

በገዛ ልሳናቸው ነበር የጠየቀችው። ሺያ ቀና አለ። ይህች የሻንቶው ልጅ ናት። ሦስተኛውን በሚጠብቅ ቤት ያደገች፣ ገና በሕፃንነቷ ጎረቤቶች ከረሜላ ሲሰጧት ሁለት ጊዜ እጇን ወደ ኋላ የምትደብቅ ልጅ።

«የለም» አላት።

«እውነት?»

«የለም አልኩሽ እኮ» አለና ጠበቀ።

ሱኬንግ ፊቱን ለአፍታ መረመረች። ከንፈሯ ሊንቀሳቀስ ያለ መሰለው። ከዚያ በኋላ ግን የተነገራቸውን እንዳለ እንደሚያምኑት ሰሜኖች በእፎይታ ተነፈሰችና አቀፈችው። «እሺ፣ በሰላም ግባ። ስትደርስ ደውልልኝ።» አለችና እጇን እያውለበለበች ቀረች።

ባቡሩ ወደ ደቡብ ወረደ። ሼንያንግን አለፈ፤ ዉሃንን አለፈ፤ ሺያ የትም ከተማ ላይ በረዶ ለመጠየቅ አልወረደም። ጓንግዡ ላይ ባቡር ሲለውጥ መስኮቱ ላይ የነበረው ውርጭ ጠፍቶ፣ የሰው ካፖርት እየተወለቀ በየመንጠቆው ተሰቅሎ ነበር። ፊት ለፊቱ ወደ ሻንቶው የምትመለስ አንዲት ባልቴት ተቀመጠች፤ መንደሪን ከዘንቢሏ አወጣችና ዘረጋችለት።

«ይብሉ» አለችው በገዛ ልሳናቸው።

«አይ፣ በልቻለሁ።»

«ይብሉ እንጂ፣ የጓሮዬ ነው።»

«አይ፣ ለልጆች ይሁን፣ አመሰግናለሁ።»

«ምን አድርጌ ነው የሚጠየፉኝ?» ብላ ተቆጣች፤ እጁን ይዛ ከፈተችና መንደሪኑን መዳፉ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን በላዩ አጠፈች። «ይብሉ ብያለሁ!»

ሺያ መንደሪኑን ይዞ አንገቱን ደፋ። ባልቴቷ የሆነ ነገር ሰው ፊት ሊወርድ መሆኑን አይታ ወደ መስኮቱ ዞረችለት። ቆይታ፣ ወሬ ለመለወጥ ብላ፣ «ከየት ነው የሚመጡት?» አለችው።

«ከልጄ ጋ። ከሃርቢን።»

«ውይ፣ ከዚያ ሁሉ! ለበዓሉ ማግስት ትመጣለች?»

አፉን ከፈተ። ዓረፍተ ነገሩ ወጣ፤ በጋራው ቋንቋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መምህርት ሊያኦ ብትሰማው ዐይኗን የማትጨፍንበት ሆኖ፦ ለአዲስ ዓመት ማግስት፣ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ፣ ልጄን ወደ ቤቷ ላኩልኝ።

ባልቴቷ ሳቀች። «እኔ የሰሜኖቹን ቋንቋ ከየት አውቄ፣ ጋሼ! በእኛው ይበሉኝ እንጂ።»

ሺያ በእነሱው ሊላት ፈለገ። ቃሎቹን አንድ በአንድ ከእናቱ ከተማረው ልሳን ፈለጋቸው፤ ግራ፣ ቀኝ፤ ሁሉም ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ነበሩ፣ ግን ተሰልፈው አያውቁምና የትኛው እንደሚቀድም ጠፋበት። ከወንበሩ ሥር ፒሮቹ መቅለጥ ጀምረው ነበር፤ ጥቁር ውሃ ከሣጥኑ ሥንጥቅ ወጥቶ ወደ ባልቴቷ ጫማ በቀስታ ይሄዳል።

«ምን ነበር ያሉኝ?» አለች።

«አይ» አለ ሺያ፣ «ምንም።»